ምዕራፍ ሰባት፦ በጨው ላይ የተንሳፈፈ ውሃ

በዚህ መጽሐፍ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚጠነክር፣ በአራተኛው ምዕራፍ ደግሞ ፌሮ በአርማታ ውስጥ ለምን እንደሚቀበር ተብራርቷል፤ በሁለቱም ምዕራፎች ውሃው ከቧንቧ ወይም ከቦቴ ያለ ብዙ ጥያቄ የሚቀዳ ነገር ተደርጎ ነበር የታየው። ይህ ምዕራፍ ያ ግምት የማያስኬድበትን የግንባታ ቦታ ይመለከታል፤ ይኸውም ከየትኛውም ትልቅ ወደብ የብዙ ቀን የመርከብ ጉዞ በሚርቅ፣ በሞቃት ውቅያኖስ መካከል በተኛ ዝቅተኛ ደሴት ላይ የሚካሄደውን ሥራ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሠራተኛው የዕለት ኑሮ፣ ማለትም የሚነሣበት ሰዓት፣ ገላውን የሚታጠብበት መንገድ፣ አርማታ የሚሞላበት ጊዜ፣ እንዲያውም የሚተኛበት ድንኳን የሚተከልበት ሥፍራ፣ ከደሴቲቱ ሥር በባሕር ውሃ ላይ ተንሳፍፎ በሚኖር ስስ የዝናብ ውሃ ይወሰናል። ስለ ሩቅ ደሴት ሲወራ ቶሎ የሚነሣው የመርከብ ጉዳይ ነው፤ የመርከቡም ችግር እውነት ነው፤ ነገር ግን የዘገየ መርከብ ውሎ አድሮ ይደርሳል፣ የተበላሸ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ለማገገም ዓመታት ሊወስድበት ይችላል።

ደሴቲቱና ሥራው

ለማብራሪያው የተመረጠችው በሕንድ ውቅያኖስ የምትገኘው ዲዬጎ ጋርሲያ ናት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 7 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከሕንድ ደቡባዊ ጫፍ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር፣ ከአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ደግሞ ወደ 3,500 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። ደሴቲቱ አቶል ናት፤ አቶል ማለት ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሺዎች ዓመታት ውስጥ ከኖራ ድንጋይ የገነቡት፣ ላጉን የሚባል የተረጋጋ የባሕር ውሃ በመሐሉ ያቀፈ የቀለበት ቅርጽ ያለው የብስ ነው። የብሱ ቀጭን ስለሆነ በብዙ ቦታ ከውቅያኖሱ ዳር እስከ ላጉኑ ዳር በእግር ለመሻገር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ አብዛኛው መሬትም ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ከ2 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ተራራ የለም፣ ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም።

ደሴቲቱ ሰው አልባ አልነበረችም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1965 የቻጎስ ደሴቶችን ከሞሪሸስ ቆርሳ ለየች፤ በ1966 ከአሜሪካ ጋር ውል ተፈራረመች፤ ለኮኮናት እርሻ ከመጡ ባሮችና ሠራተኞች የተወለዱት ቻጎሳውያንም እስከ 1973 ድረስ ከደሴቶቹ ሁሉ እንዲወጡ ተደረገ። ዲዬጎ ጋርሲያ ራሷ ነዋሪዎቿን ያጣችው በ1971 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሲቢስ በሚል ስም የሚታወቁት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የግንባታ ሻለቆች ዶዘሮቻቸውንና ግሬደሮቻቸውን በባሕሩ ዳር አራገፉ። ስለዚህ ከታች የሚተረከው የውሃ ብልሃት ባዶ መሬት ላይ የተጀመረ አይደለም፤ ከሥራው በፊት የነበሩት ነዋሪዎች በየቤታቸው አጠገብ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች ቆፍረው በዚያው ውሃ ለትውልዶች ኖረውበታል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ግንባታ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በ1953 በተደረገ የ25 ዓመት ስምምነት መሠረት አሜሪካ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያን ትጠቀም ነበር፤ የጣቢያው ሥራ በ1970ዎቹ እየተቀነሰ ሄዶ በ1977 ሲዘጋ፣ በቃኘው ይከናወን የነበረውን የባሕር ኃይል የሬዲዮ ግንኙነት ከተረከቡት ሥፍራዎች አንዷ ከመጋቢት 1973 ጀምሮ ጣቢያ ያቆመችው ዲዬጎ ጋርሲያ ናት። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ካለ ከተማ 2 ሜትር ወደማይሞላ አሸዋ የተደረገ ዝውውር ነው፤ ለመሐንዲሱ ከዚህ የበለጠ የቦታ ለውጥ ማሰብ ይከብዳል።

ታንኳው

በዲዬጎ ጋርሲያ በዓመት ወደ 2,600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይዘንባል፤ ይህ አዲስ አበባ ከምታገኘው እጥፍ በላይ ነው። ዝናቡ በኮራሉ አሸዋ ላይ አይተኛም፣ ወዲያው ወደ ታች ይሰርጋል። ሲሰርግ የሚያገኘው ግን ደረቅ አለት ሳይሆን ከሁለቱም ዳር የገባ የባሕር ውሃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ውሃዎች ሙሉ በሙሉ ይቀላቀላሉ ብሎ መጠበቅ ተገቢ ይመስላል። አይቀላቀሉም፤ ወይም በትክክል ለመናገር፣ በአሸዋው ጥቃቅን ቀዳዳዎች መካከል እንቅስቃሴያቸው እጅግ ዝግ ያለ ስለሆነ የሚቀላቀሉት በመገናኛቸው አካባቢ ብቻ ነው።

ከላይ የሚቀረው ጨው አልባ ውሃ በጣና ሐይቅ ላይ እንደምትሄድ የደንገል ታንኳ ይንሳፈፋል። ታንኳዋ የምትንሳፈፈው ከሐይቁ ውሃ ስለምትቀልል ነው፤ ጭነት ሲበዛባት ሆዷ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጭነቱ ሲራገፍ ሆዷ ወደ ላይ ይነሣል። የደሴቲቱ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ታንኳውም ጭነቱም ያው አንዱ የዝናብ ውሃ መሆኑ ነው። ባለሙያዎች ይህን የውሃ አካል ሌንስ ይሉታል፤ ምክንያቱም እንደ መነጽር መስታወት በመሐሉ ወፍሮ ወደ ዳርና ዳሩ እየሳሳ ይሄዳል።

የታንኳው ሆድ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ ከክብደት ልዩነቱ ይሰላል። አንድ ሊትር የዝናብ ውሃ 1,000 ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በውስጡ በሟሟው ጨው የተነሣ 1,025 ግራም ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 25 ግራም ብቻ ነው፤ 25 ግራም ደግሞ በ1,000 ውስጥ 40 ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ጨው አልባው ውሃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ሚዛኑ የሚጠበቀው ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ያህል ሲወርድ ነው። ይህን ስሌት ባዶን ጊበን የተባለ የኔዘርላንድ የጦር መሐንዲስ በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ጀርመናዊው ሄርዝበርግ ደግሞ በ1901 ለየብቻ ስላወጡት ሕጉ በሁለቱ ስም ይጠራል። በአቶል ላይ ውሃው ከባሕር ወለል በላይ የሚነሣው በአብዛኛው ከአንድ ሜትር በታች፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ነው።

ሕጉ ግን በሌላ አቅጣጫ ሲነበብ ያስደነግጣል። አንድ ፓምፕ ውሃ ስቦ የሌንሱን ገጽ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው፣ ከታች ያለው የጨው ወሰን ከጊዜ በኋላ ወደ 4 ሜትር ሊነሣ ይችላል ማለት ነው። በጉድጓዱ አፍ ቆሞ የሚያየው ሰው የውሃው ከፍታ ብዙም ያልተለወጠ ይመስለዋል፤ ሆዱ ግን ባዶ እየሆነ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በኃይለኛ ፓምፕ መሳብ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ከጉድጓዱ ሥር ያለው ጨዋማ ውሃ እንደ ጎጆ ቤት ጣሪያ ሾጥጦ ወደ ላይ ይወጣና ፓምፑን ያገኘዋል። በደጋ አገር ውሃ ሲጠፋ ጉድጓዱን ጠለቅ ማድረግ የተለመደ ብልሃት ነው፤ በአቶል ላይ ግን መጥለቅ ጨው መፈለግ ይሆናል። ስለሆነም የተለመደው መንገድ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተቦረቦረ ቱቦ በአግድም ቀብሮ፣ ወተት ላይ የሰፈፈ ክሬም እንደሚነሣ ሁሉ ከላይ ከላዩ በቀስታ መቅዳት ነው።

የ40 እጥፉ ሕግ በኮራል ደሴት ላይ ብዙ ጊዜ ከእውነታው በላይ ተስፋ እንደሚሰጥም መጨመር ያስፈልጋል። ከላይ ያለው አሸዋ ደቃቅ ሲሆን ከሥሩ ያለው አሮጌው የኖራ ድንጋይ ግን በዋሻና በስንጥቅ የተሞላ ስለሆነ፣ የባሕሩ ማዕበል በዚያ እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል፣ ጨው አልባውንም ውሃ ያናውጠዋል። በላጉን በኩል ያለው አሸዋ ከውቅያኖሱ በኩል ካለው ስለሚደቅ ሌንሱ የሚወፍረው ወደ ላጉኑ ጠጋ ብሎ ነው፤ ጉድጓዶችና ሠፈሮች ወደዚያ ወገን የሚያደሉበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ለአርማታ የሚገባው ባልዲ

አንድ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከረጢት ሲሚንቶ ለጥሩ አርማታ ወደ 25 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ይህ ውሃ ከባሕር ቢቀዳ፣ በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ ወደ 35 ግራም ጨው ስላለ፣ በየከረጢቱ 875 ግራም ጨው ወደ ሚክሰሩ ይገባል። ከዚህ ውስጥ ጎጂው ክሎራይድ የተባለው ክፍል ነው፤ መጠኑም 475 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከሲሚንቶው ክብደት ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ይሆናል። የግንባታ ደንቦች ፌሮ ላለበት አርማታ የሚፈቅዱት እንደ አገሩና እንደ ሥራው ዓይነት ከ0.15 እስከ 0.4 በመቶ አካባቢ ነው።

በአራተኛው ምዕራፍ እንደተገለጸው ፌሮ በአርማታ ውስጥ የማይዝገው ሲሚንቶው በሚፈጥረው ጠንካራ አልካሊ ምክንያት ብረቱ በዓይን የማይታይ ስስ መከላከያ ስለሚያበጅ ነው። ክሎራይድ ይህን መከላከያ በየነጥቡ ይበሳዋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ብዙ እጥፍ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ተጨማሪ የባሕር ነፋስና ጨው ይገባል፤ መጀመሪያ በምሰሶው ጠርዝ ላይ ቀይ የዝገት መስመር፣ ቀጥሎ እንደ ልጥ የተላጠ ሽፋን፣ በመጨረሻም የተራቆተ ፌሮ ይታያል።

ጨውን የሚያመጣው ውሃው ብቻ ስላልሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። በአቶል ላይ የወንዝ አሸዋና ጥቁር ድንጋይ የለም፤ ያለው አሸዋና ጠጠር ራሱ ኮራል ነው። ኮራል ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፣ ከባሕር ሲወጣም ጨው በሆዱ ይዞ ነው። ስለዚህ የተፈጨው ጠጠር በክምር ተትቶ ዝናብ እንዲያጥበው ይደረጋል፤ ሲደባለቅም ደረቅ ከሆነ ለሲሚንቶው የታሰበውን ውሃ ይመጥበታልና ቀድሞ በጨው አልባ ውሃ ይርሳል። በሌላ አገር አንድ የቀን ሠራተኛ በባሬላ አምጥቶ የሚደፋው ጠጠር እዚህ ዝናብ ያላጠበው ከሆነ ወደ ሚክሰር አይገባም።

ጨዋማ ውሃ የሚፈለግበት ሥራ

ይህ ሁሉ የባሕር ውሃ ለግንባታ አይረባም ማለት አይደለም። ፌሮ በሌለበት ሥራ ጨው የሚያጠፋው ነገር ብዙም የለም። የተፈጨ ኮራል በባሕር ውሃ ሲርስና በከባድ ሮሎ ሲደመደም ደቃቁ ክፍል እንደ ማጣበቂያ ሆኖ ይያያዛል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፓስፊክ ደሴቶች የተሠሩት ብዙ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ናቸው። በዲዬጎ ጋርሲያም ከላጉኑ ወለልና ከባሕሩ ዳር የወጣው ኮራል በገፍ ለሙሌት ውሏል፤ ዛሬ ያለው የአውሮፕላን መንደርደሪያ 3,600 ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ የሥራ ቦታ ላይ እንግዲህ ሁለት ቦቴ መኪኖች ይመላለሳሉ፤ አንዱ የባሕር ውሃ ለሙሌቱ፣ ሌላው ጨው አልባ ውሃ ለሚክሰሩና ለሚክሰሩ ብቻ። ሁለቱን ያምታታ ሹፌር ጥፋቱ በዚያን ቀን አይታይበትም፤ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ምሰሶው ሲሰነጠቅ ነው።

የሠራተኛው ቀን

በዚህች ደሴት የቀኑ ሙቀት ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም፤ ቴርሞሜትሩ በ30 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፣ አየሩም በእርጥበት የከበደ ነው። ሙቀት ሲሚንቶን ስለሚያፈጥነው፣ ከሚክሰር ወጥቶ ካሳፎርማ ውስጥ እስኪገባና በቫይብሬተር እስኪደመደም ያለው ጊዜ ያጥራል። በእንዲህ ያለ አየር አርማታ ለመሙላት የሚመረጠው ጎሕ ሲቀድ ወይም ሌሊት ነው፤ ስለዚህ የአርማታው ቡድን ቁርሱን በጨለማ ይበላል፣ ፌሮ ሠራተኛውና አናጢው ግን ብርሃን ይጠብቃሉ። ረፋዱ ላይ ነጩ ኮራል ፀሐይን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከላይም ከታችም የሚመጣ ብርሃን አለ፤ ጥቁር መነጽር ያላደረገ ሰው ዓይኑ ይቀላል። በኮራል የተቧጨረ እግር ወይም እጅም ትንሽ ቢመስል ቶሎ ያመረቅዛልና፣ ወዲያው በጨው አልባ ውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት፤ ለዚህ የሚወጣውን ውሃ ማንም ፎርማን አይቆጥርም።

የተሞላው አርማታ ቀጥሎ ለቀናት ውሃ ይጠጣል። ወለሉ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ ጆንያው እንዳይደርቅም ተረኛ ይመደብለታል፤ ይህ ውሃም ከሌንሱ የሚቀዳ እንጂ ከባሕር የሚጠለፍ አይደለም። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ ሥራው ሁለት ይሆናል፦ ያልጠነከረውን አርማታ በላስቲክ መሸፈን፣ ከጣሪያ የሚወርደውንም ዝናብ ወደ ታንከር ማስገባት። በማርሻል ደሴቶች ዋና ከተማ በማጁሮ የአውሮፕላን ማረፊያው አስፋልት ራሱ የዝናብ ውሃ መሰብሰቢያ ሆኖ ያገለግላል፤ በዚያች አገር በኩዋጃሌን አቶልም ከመንደርደሪያው ዳር የሚሰበሰብ ዝናብ ከሌንሱ ውሃ ጋር ለነዋሪው ይቀርባል።

ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ በነጭ የኮራል አቧራና በላብ ተሸፍኗል። መታጠቢያው ሥር ገላን ማርጠብ፣ ውሃውን ዘግቶ ሳሙና መቀባት፣ ከዚያ ከፍቶ ማለቅለቅ የሠፈሩ ደንብ ነው። በባሕር ለመታጠብ የሚሞክር ሰው ሳሙናው አረፋ እንደማይሰጥና ቆዳው ሲደርቅ እንደሚያሳክከው በአንድ ቀን ይማራል። ለመጸዳጃ ቤት ግን ጨው ችግር የለውም፤ በማጁሮ ለዚሁ አገልግሎት የሚውል የባሕር ውሃ በተለየ ቧንቧ ይሄዳል። መሣሪያውም እንደ ሰው ይታጠባል፤ ካዞላና አካፋ በጨው አልባ ውሃ ተለቅልቆ ዘይት ይቀባል፣ ፌሮ በመሬት ላይ አይጣልም፣ የሲሚንቶ ከረጢት በእርጥበት ቀስ በቀስ እንዳይደድር ከወለል ከፍ ብሎ ይደረደራል፣ ቀድሞ የመጣውም ቀድሞ ይወጣል።

ሲቢሶች ወታደሮች ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ ግን የደሴቲቱን የጉልበትና የሙያ ሥራ በአብዛኛው የያዙት በኮንትራት የሚመጡ ፊሊፒናውያንና ሞሪሸሳውያን ናቸው። ቤተሰብ ይዞ መኖር አይፈቀድም፤ ደመወዝ ወደ አገር ይላካል፣ ትርፍ ጊዜ በዓሣ ማስገርና በኳስ ያልፋል። የተፈናቀሉት ቻጎሳውያን ለረጅም ዘመን በዚህ ሥራ ሳይቀጠሩ መቅረታቸው ከታሪኩ መራራ ክፍሎች አንዱ ነው። ከኮኮናቱ እርሻ ዘመን የቀሩ አህዮች ግን ዛሬም በምሥራቁ ክንድ እንደልባቸው ይግጣሉ፤ ቀድሞ የዘይት መጭመቂያውን የሚያዞሩት እነሱ ነበሩ። የእርሻው ኮኮናት ራሱ ለውሃ መሐንዲሱ የተቀላቀለ ውርስ ነው፤ ሥሩ እስከ ሌንሱ ወርዶ ውሃ ስለሚጠጣ፣ ደኑ በበዛበት ቦታ ወደ ከርሰ ምድር የሚቀረው ዝናብ ይቀንሳል።

የጉድጓዱ ጠባቂ

በእንዲህ ያለ ሠፈር የውሃ ሠራተኛው ከመሐንዲሱ ያላነሰ ሥልጣን አለው። በየጊዜው ከየጉድጓዱ ናሙና ይቀዳል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ስለሚያስተላልፍ፣ ሁለት ጫፍ ያለው ትንሽ መሣሪያ ውሃው ውስጥ ነክሮ ቁጥሩን ይመዘግባል። ሰው በምላሱ ጨውነትን የሚለየው ክሎራይዱ በሊትር 250 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲደርስ ነው፤ የባሕር ውሃ በሊትር 19,000 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ 100 ሊትር ንጹሕ ውሃን ወደዚህ ወሰን ለማድረስ ከአንድ ሊትር ተኩል ያነሰ የባሕር ውሃ ይበቃል። ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ፓምፑ ለዕረፍት ይዘጋል፣ ሌላው ይከፈታል፤ ብዙ ጉድጓድ ጥቂት ጥቂት እንዲስብ ማድረግ ጥቂት ጉድጓድ ብዙ እንዲስብ ከማድረግ ይሻላል። የዕለቱ የአርማታ ዕቅድ በዚህ መዝገብ ምክንያት ለነገ ቢተላለፍ ሠራተኛው አይገረምም።

ጨው ብቸኛው ጠላት አይደለም። አሸዋው ዝናብን በቀላሉ እንደሚያሳልፍ ሁሉ በላዩ የፈሰሰውን ሌላ ነገርም ያሳልፋል። በ1991 በዲዬጎ ጋርሲያ የአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ከተቀበረ ቱቦ የሾለከ የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ ሌንሱ ደርሶ፣ በዚያ ዙሪያ የነበሩ የመጠጥ ውሃ ጉድጓዶች እንዲዘጉ ሆኗል። ነዳጅ ከውሃ ስለሚቀልል በታንኳው ላይ ሌላ ስስ ሽፋን ሆኖ ይተኛል፤ በአግድም የተቀበሩት ቱቦዎች የሚቀዱት ደግሞ ከዚያው ከላይኛው ክፍል ነው።

የባሕርን ውሃ ማጣራት መፍትሔ መስሎ ይታያል፤ በከፊልም ነው። ማሽኑ የባሕሩን ውሃ ከተራ አየር ግፊት በ60 እጥፍ ገደማ እየገፋ ጨውን በማያሳልፍ ስስ ሽፋን ውስጥ ያሾልከዋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ጨው አልባ ውሃም 3 ወይም 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የኤሌክትሪክ ኃይል ይበላል። ወንዝና ግድብ በሌለበት ደሴት ይህን ኃይል የሚሰጠው ጄኔሬተር ነው፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅ በመርከብ ይመጣል፣ መርከቡም ሲያራግፍ ነዳጁ የሚጠራቀመው በዚያችው ቀጭን የብስ ላይ፣ ከሌንሱ በላይ ነው።